የመምህር መገኘት በቪዲዮ ትምህርት

ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው በቪዲዮ ኮንፈረንስ የሚሰጥ ትምህርት የሚገጥሙት እንቅፋቶች የቴክኒክ ባለሙያ ጉዳይ ብቻ ይመስላሉ፤ ድምፅ ይዘገያል፣ ምስል ይቆራረጣል፣ መብራት ይጠፋል። ከሥራቸው ግን አንድ የፍልስፍና ጥያቄ አለ፦ ማስተማር የመምህሩንና የተማሪውን መገኘት የሚጠይቅ ከሆነ፣ መገኘት ራሱ ምንድን ነው?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። በፕላቶ «ፌድሮስ» ውስጥ ሶቅራጥስ ጽሑፍን የሚነቅፈው፣ የተጻፈ ቃል ቢጠይቁት ያንኑ ይደግማል እንጂ አይመልስም፣ አንባቢውንም አይለይም በማለት ነው። በዚህ መመዘኛ የአንድ ወገን ሥርጭትም ከመጽሐፍ አይሻልም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት ለዚህ ምስክር ነው፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው መምህር ተማሪው ገባውም አልገባውም በተመደበለት ደቂቃ ይቀጥል ነበር፣ እጅ ቢወጣም አያይም ነበር። ቪዲዮ ኮንፈረንስ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ጊዜ ስለሚያገናኝ ይህን ነቀፋ በመርህ ደረጃ ያልፋል።

በተግባር ግን ፈተናው ብዙ ነው። በሰዎች ንግግር አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር በአማካይ የሚያልፈው የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኝ ሳተላይት የሚላክ ድምፅ ለመድረስ ብቻ ሩብ ሰከንድ ይፈጃል፤ ጥያቄና መልስ ሲደመሩ ግማሽ ሰከንድ ይሆናል። በዚህ ክፍተት የተማሪው ዝምታ አለማወቅ ወይም ቸልተኝነት ይመስላል፤ መምህሩና ተማሪው እኩል ይናገራሉ፣ እኩል ያቆማሉ። ጥቂት ቆይቶ መምህሩ መጠየቅ ይተዋል፤ ውይይቱም ወደ ሥርጭት ይለወጣል። የመሬትና የባሕር ውስጥ ፋይበር መዘግየቱን ይቀንሰዋል፤ የመሥመር መጨናነቅና የኃይል መቋረጥን ግን አያስቀርም። ካሜራው ከስክሪኑ በላይ በመሆኑም መምህሩ ተማሪውን ሲያይ ተማሪው ዓይን ለዓይን የተገናኘ አይመስለውም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ሁበርት ድራይፈስ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ኢንተርኔት በሚያወሳ መጽሐፍ ከዚህ ያለፈ ተቃውሞ አቅርቧል። ተማሪ ሕግና መረጃን ከርቀት ሊማር ይችላል፤ ወደ ሊቅነት የሚያደርሰው ግን በሌሎች ፊት ተናግሮ የመሳሳትን አደጋ መቀበሉና የባለሙያውን አኳኋን በቅርብ ማየቱ ነው ይላል። ክርክሩ በሕክምናና በቤተ ሙከራ ትምህርት ሚዛን ይደፋል። በሌሎች ትምህርቶች ግን አደጋውን የሚፈጥረው በአንድ ክፍል መገኘት ብቻ አይደለም፤ በስሙ የሚጠራና መልስ የሚጠበቅበት ተማሪ በስክሪን ፊትም ያው አደጋ አለበት።

ስለዚህ መገኘት ከቦታ ይልቅ የኃላፊነት ጉዳይ ነው፤ የሚገኝ ማለት ሊጠየቅ የሚችልና መልስ የሚሰጥ ነው። ይህ ከታወቀ የዩኒቨርሲቲዎች ወጪ ቅደም ተከተል ይለወጣል። ከትልቅ ስክሪን በፊት ጥርት ያለ ድምፅ፣ በተቀባዩ ክፍል የትምህርቱን ይዘት የሚያውቅ ረዳት መምህር፣ አነስተኛ የተማሪ ቁጥር፣ ለጥያቄ የተመደበ ሰዓትና መሥመር ሲቋረጥ የሚተካ ጽሑፍ ይቀድማሉ። በእጅ የሚሠራው ትምህርት በአካል መሰጠት አለበት። እነዚህ ሳይሟሉ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኝ መሥመር ንግግር ያደርሳል እንጂ አያስተምርም።