ሥጋ ይመሰክራልን?

በመድረካችን ላይ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ስግብግቡን ባለርስት፣ ጉቦኛውን ዳኛ፣ እህል ደባቂውን ነጋዴ ለማሳየት የፈለገ አዘጋጅ በተዋናዩ ሆድ ላይ ትራስ ያስራል። ተመልካቹ ገና አንድ ቃል ሳይሰማ ይፈርዳል፤ ይስቃልም። ለመሆኑ የሰው ሥጋ በሰው ምግባር ላይ ሊመሰክር ይችላልን? ጥያቄው የአልባሳት ክፍልን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ሰውን በምን እንመዝነዋለን ከሚለው የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚለይ አይደለም።

በአገራችን ነገሩ ሁለት ፊት አለው። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኘን ወዳጅ «ወፍረሃል፣ ተመችቶሃል» ማለት እንደ ምርቃት ይቆጠር ነበር፤ ረኀብን በሚያውቅ ሕዝብ ዘንድ ውፍረት የጥጋብና የጤና ምልክት መሆኑ አያስደንቅም። ያው ሕዝብ ግን «ቦርጫም» ብሎ ይሳደባል። ምርቃቱም ስድቡም ያረፉት በአንድ እምነት ላይ ነው፤ ሥጋ የኑሮና የፈቃድ ውጤት ነው በሚለው።

ሳይንስ ይህን እምነት ክፉኛ ነቅንቆታል። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ አንድ ጥናት በዴንማርክ በማደጎ ያደጉ 540 ጎልማሶችን መርምሮ ነበር። ክብደታቸው ከወለዷቸው ወላጆች ክብደት ጋር በግልጽ ሲዛመድ፣ በአንድ ማዕድ አብረው እየበሉ ካሳደጓቸው ጋር ግን ዝምድና አልታየበትም። በ1990 ደግሞ በካናዳ የላቫል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ጥንድ ፍጹም ተመሳሳይ መንትያ ወጣቶችን ሰብስበው፣ በ100 ቀናት ውስጥ በሳምንት 6 ቀን፣ ከሚያስፈልጋቸው በላይ 1000 ኪሎካሎሪ እየጨመሩ መገቧቸው። ትርፉ ምግብ ለሁሉም እኩል ነበር። ሆኖም አንዱ 4 ኪሎ ገደማ ሲጨምር ሌላው 13 ኪሎ ጨመረ፤ መንትያ ከመንትያው ግን ተቀራረበ፤ ስቡ በተከማቸበት የአካል ክፍል ሳይቀር።

በዚህ ውጤት ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ወጣቶቹ ሠሩት የሚባል ጥፋት ቢኖር እንኳ ጥፋቱ አንድ ነው፤ ሚዛኑ ግን ለአንዱ የሦስት እጥፍ ቅጣት ቆረጠበት። አንደኛውን በልከኝነቱ ሊያመሰግን፣ ሌላውን በሆዳምነቱ ሊወቅስ የሚነሣ ዳኛ በየትኛው ሕግ ይፈርዳል?

ከዚህም የከበደ ምሳሌ አለ። በ1994 ሌፕቲን የተባለው፣ ከስብ እየመነጨ ለአንጎል «በቃ» የሚል ምልክት የሚያደርሰው ሆርሞን ዘረመል ታወቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእንግሊዝ አገር የ9 ዓመት ልጅ ሆና 94 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን ይህ ሆርሞን ፈጽሞ በሰውነቷ እንደሌለ ተረጋገጠ። በመርፌ ሲሰጣት ረኀቧ በረደ፤ በአንድ ዓመት ውስጥም 16 ኪሎ ቀነሰች። ትናንት ስስት የመሰለው ነገር የጎደለ ምልክት ነበር። እርግጥ እንዲህ ያለው ሁኔታ እጅግ ብርቅ ነው፤ በአብዛኞቻችን ዘንድ ክብደት የሚወረሰው እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት በሚያዋጡ ብዙ ዘረመሎች ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። «ዘር» የሚለው ቃላችን ለገበሬው እህልም፣ ለወገንም፣ ለትውልድ ሐረግም ስለሚያገለግል ክርክሩን ያወሳስባል፤ እኔ የምናገረው ከእናትና ከአባት ስለሚወረሰው ብቻ ነው። ደግሞም ሁሉን በዘር የለካ አስተሳሰብ የት እንዳደረሰ ይታወቃል። ፍራንሲስ ጋልተን በ1883 የሰውን ዘር ስለ ማሻሻል ላሰበው ትምህርት ስም አወጣለት፤ ጀርመን በ1933 ሰዎችን በግዳጅ የምታመክን ሕግ አወጣች። በተቃራኒው ደግሞ የሶቪየት ኅብረቱ ሊሴንኮ የዘረመል ሳይንስን በ1948 ከአገሩ አስወገዘ፤ በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴያችንን ዝርያ የሰበሰበው ታላቁ ቫቪሎቭም ከዚያ አስቀድሞ በ1943 እስር ቤት ውስጥ ሞቷል። ሳይንስን ከፍላጎታችን ጋር ካልተስማማ ብለን ማሰር፣ ያለ ልኩ ማንገሥንም ያህል ሰው ፈጅቷል።

ዘር ብቻውን ሁሉን የሚወስን ቢሆን ኖሮ፣ በዓለም ላይ ከልክ በላይ የወፈሩ ጎልማሶች መጠን ከ1990 ወዲህ ከእጥፍ በላይ ባልጨመረ ነበር። በሠላሳ ዓመት የሰው ዘረመል አይለወጥም። የተለወጠው ገበያው፣ ሥራው፣ መጓጓዣው፣ የዘይቱና የስኳሩ ዋጋ ነው። ኅብረተሰቡ ገበታውን ያሰናዳል፤ ከገበታው ማን ይበልጥ እንደሚወፍር ደግሞ በአብዛኛው ውርስ ይወስናል። ስለዚህ ካድሬው ስለ ከተማው ምግብና እንቅስቃሴ ቢጨነቅ ተገቢ ነው፤ መምህሩ በክፍሉ ፊት አንድ ወፍራም ልጅ ሲሾፍበት ዝም ቢል ግን አይገባም።

ወደ መድረካችን ልመለስ። ስስት በሆድ ላይ አይታይም፤ በእጅ፣ በዓይን፣ በጎተራ ቁልፍ አያያዝ፣ ለለማኝ በሚሰጥ መልስ ላይ ይታያል። ይህን ማሳየት ትራስ ከማሰር ይልቅ ተዋናዩን ያደክማል፤ ደራሲውንም እንዲሁ። ትራሱ የሚወደደውም ድካም ስለሚቀንስ ይመስለኛል። ደግሞስ ያለ ትራስ የወፈረው፣ ከአያቱ የወረሰውን ሰውነት ይዞ የመጣው ባለሙያ ተዋናይስ? ድምፁ ቢያምር፣ ግጥም ቢችል፣ ለአፍቃሪነት ወይም ለጀግንነት ሲታጭ እምብዛም አይታይም፤ የሚቆየው ያው የበዝባዡና የቀልደኛው ሚና ነው። የሚቀጥለውን ተውኔት ሚና የሚያድሉ ጓዶች ዝርዝሩን ከማጽደቃቸው በፊት ይህን ሰው ጠርተው የጀግናውን ክፍል እንዲያነብላቸው ቢያደርጉ ምን ይከፋል?