ያለ እነርሱ፣ ለእነርሱ መሥራት ይገባልን?

ስለ ገጠር መንደሮች ልማትና ስለ ቅርሶቻችን እድሳት



ለድኻ መልካም ማድረግ የክርስቲያን ሁሉ ግዴታ መሆኑን ከመካከላችን የሚጠራጠር የለም። በመጨረሻው ፍርድ የምንጠየቀው ስለ ተራበው፣ ስለ ተጠማውና ስለ ታረዘው እንደ ሆነ ጌታ አስቀድሞ ነግሮናልና። የሚያከራክረን ሌላ ጥያቄ ነው። ገንዘቡና ሲሚንቶው በእጃችን ሳለ፣ ችግሩም በዓይናችን ፊት ተገልጦ ሳለ፣ የመንደሩን ሰዎች ምክር ሳንጠብቅ ለመንደሩ መልካም ለማድረግ መብት አለን ወይ? ውሃው ከፈለቀ፣ ጣራውም ከታደሰ፣ ማን እንደ ወሰነው ምን ለውጥ ያመጣል? ይህ ጥያቄ በልማት ሥራ ላይ በተሰማሩ ወንድሞችና እኅቶች ዘንድ ዘወትር ይነሣል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከምዕራብ ጎጃም ገጠር አንጻር ልንመለከተው ወደድን።

ለም ምድር፣ ድኻ መንደር

ከደምበጫ ተነሥቶ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አድርጎ ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው በመስከረምና በጥቅምት የሚያየው ምድር የተባረከ ነው። በቆሎው፣ ጤፉ፣ በርበሬው ዓይን ያጠግባል። ይሁን እንጂ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ጥቂት ሰዓት በእግሩ ቢጓዝ፣ ከብትና ሰው ከአንድ ምንጭ የሚጠጡበትን መንደር ያገኛል። እንስራ ተሸክመው ዳገት የሚወጡ ልጃገረዶችን ያያል። በዚያው መንደር ጉብታ ላይ፣ በጥድና በወይራ የተከበበች ክብ ቤተ ክርስቲያን አለች። ጣራዋ ካፈሰሰ ውሃው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች ከዓመት ወደ ዓመት ያጥባቸዋል።

አንድ ረጂ ድርጅት ወደዚህ ዓይነት መንደር መጥቶ ሕዝቡን ቢሰበስብና «ምን ይቅደምላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሽማግሌዎቹ «የቤተ ክርስቲያናችን ጣራ» ቢሉት ሊደነቅ አይገባውም። እንግዳው ግን የመጣው ስለ ንጹሕ ውሃ ነው። ስለዚህ በልቡ «እነዚህ ሰዎች የሚጠቅማቸውን አያውቁም» ይላል። ምናልባት ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው የቅርስ ባለሙያ ደግሞ ጣራው በቀድሞው ዓይነት በሣር እንዲከደን ይፈልግ ይሆናል፤ ሕዝቡ ግን ቆርቆሮ ይለምናል። እርሱም በተራው «የራሳቸውን ቅርስ ዋጋ አያውቁም» ይላል። ሁለቱም ባለሙያዎች በየሙያቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም ሁለቱም አንድ ነገር ዘንግተዋል።

የሣሩን ነገር እንመልከት። የሣር ክዳን በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል። ለዚህም ሰንበሌጥ የሚታጨድበት የጋራ መስክ፣ በደቦ የሚወጣ ጉልበት፣ ክዳኑን የሚያውቅ ባለሙያ፣ ተራውንም የሚያስጠብቅ ሽማግሌ ያስፈልጋል። መሬት ሲጠብብ መስኩ ታረሰ፤ ሣሩም ተወደደ። እንግዲህ የሚያፈሰው ጣራ የሚነግረን ስለ ጣራው ብቻ አይደለም፤ መንደሩ በጋራ የሚያስተዳድረው ሀብት እየመነመነ መሄዱን ይነግረናል። ምንጩም እንዲሁ ነው። ከላይ ያለው ደን ሲመነጠር ከሥር ያለው ምንጭ ይደክማል። በብዙ የጎጃም ቀበሌዎች የቀረው አገር በቀል ዛፍ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ያለው ነው፤ እርሱም የተረፈው «የታቦቱ ነው» ብሎ የጠበቀው ሕዝብ ስለ ነበረ ነው። በጣና ሐይቅ ዳር ያለችው የዘጌ ደሴት መሰል ምድር ለዚህ ምስክር ናት፤ በገዳማቱ ሥርዓት ማረስ ተከልክሎ ስለ ኖረ የቡና ጫካዋ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ስለዚህ ልማትና ቅርስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አይደሉም። ሁለቱም የሚቆሙት ሰዎች የራሳቸውን ነገር አብረው መክረው አብረው የመጠበቅ ችሎታ ሲኖራቸው ነው። ይህን ችሎታ የሚያዳክም ርዳታ፣ ጉድጓድ ቢቆፍርም ጣራ ቢከድንም፣ መንደሩን ድኻ አድርጎ ይተወዋል።

ነህምያ በሌሊት የዞረው ስለ ምን ነበር?

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ቅርስ እድሳት የሚናገር አንድ ሙሉ መጽሐፍ አለው ብንል ማጋነን አይሆንም። ነህምያ የፈረሰውን የኢየሩሳሌም ቅጥር ሊሠራ ሲመጣ የንጉሡ ደብዳቤና የእንጨት ፈቃድ በእጁ ነበረ። በዛሬ አነጋገር በጀትም ሥልጣንም ነበረው። ነገር ግን ከደረሰ በኋላ ሦስት ቀን ዝም አለ፤ በሌሊትም ተነሥቶ ፍርስራሹን እየዞረ ተመለከተ። ከዚያም ለሕዝቡ ነገራቸው፤ «እንሥራ» የሚለው ቃል የወጣው ግን ከእነርሱ አፍ ነበር። በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን ሠራተኞች ብናነብ፣ ወርቅ ሠሪውና ሽቱ ቀማሚው፣ ካህኑና የአንድ አለቃ ሴቶች ልጆች ሳይቀሩ ተሰልፈዋል፤ ብዙዎቹም የሠሩት በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ነበር። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ። በቤቱ ፊት ያለውን ግንብ የሠራ ሰው፣ ድንጋዩ ሲናድ የማንንም ደብዳቤ አይጠብቅም።

የቤተ ክርስቲያናችን ማኅበራዊ ትምህርትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጡት መልእክት፣ ታናሹ ማኅበር በራሱ ሊፈጽመው የሚችለውን ሥራ ታላቁ ሊነጥቀው ፍትሕ እንደማይፈቅድ አስተምረዋል። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ በ1967 ሕዝቦች የገዛ ዕድላቸው ሠሪዎች ሊሆኑ እንደሚገባ አሳስበዋል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በ2015 የሕዝቦች የታሪክና የባህል ቅርስ እንደ ተፈጥሮ ሀብት ሁሉ አደጋ ላይ መሆኑን አመልክተው፣ የአካባቢው ሰው ድምፅ ሳይሰማ የሚሠራውን ሥራ ነቅፈዋል። አባቶቻችንም ነገሩን በአጭሩ «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ብለውታል።

ገንዘቡን በእጃቸው ማስያዝ

ይህ አሳብ በወረቀት ላይ ብቻ የሚያምር እንዳይመስለን፣ በክልላችን የታየውን እንጥቀስ። የፊንላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ 2011 በአማራ ክልል የገጠር ውሃ ሥራን ሲረዳ ቆይቷል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ ተለመደው ገንዘቡን የሚይዘው፣ ዕቃውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው ፕሮጀክቱ ነበር። በ2003 ግን አሠራሩ ተለወጠ። ገንዘቡ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ይባል በነበረው፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ በተባለው ድርጅት በኩል፣ በቀጥታ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ እንዲደርስ ተደረገ። መንደሩ አስቀድሞ ያመለክታል፤ ድንጋዩን፣ አሸዋውን፣ ጉልበቱንና የጥገናውን መነሻ ገንዘብ ያዋጣል፤ ኮሚቴውም ሲሚንቶውን ገዝቶ፣ ግንበኛውን ተዋውሎ፣ ሒሳቡን በሕዝብ ፊት ያወራርዳል።

በዚያን ጊዜ ብዙዎች «መሃይም ገበሬ ይህን ያህል ገንዘብ እንዴት ይታመናል?» ብለው ነበር። ይሁን እንጂ የሥራው ፍጥነት መጨመሩ፣ ከተሠሩትም የውሃ ተቋማት አብዛኞቹ አገልግሎት እየሰጡ መቆየታቸው ተመዝግቧል፤ አሠራሩም ከ2011 ወዲህ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፍቷል። ለእኛ የሚያስደንቀን የዚህ ውጤት ምክንያት ቀላልነቱ ነው። ዕድርን፣ ዕቁብንና ሰንበቴን ለትውልዶች ያስተዳደረ ሕዝብ የሰው ገንዘብ መያዝ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ያልለመደው መታመንን ነበር።

ድልድዩ የቀረው ስለ ምንድን ነው?

እኛ ካቶሊካውያን ይህን ትምህርት የምንማርበት የራሳችን ታሪክ አለን። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች፣ በዓላታ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በኖራ የተገነባ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ሰዉ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል። ዘመኑ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በቤተ መንግሥቱ ተሰሚነት ያገኙበት ነው። አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ በትዕግሥትና ቋንቋውን በመማር ሲያገለግሉ ኖረው በ1622 ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ በመጡት በፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ዘመን ግን የሕዝቡ ሥርዓትና ልማድ በትእዛዝ እንዲለወጥ ተሞከረ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። ንጉሡ በ1632 የቀድሞውን እምነት መልሰው ዐወጁ።

በቤተ መንግሥት ትእዛዝ የመጣው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተሻረ፤ ድልድዩ ግን አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ልዩነቱን ልብ እንበል። በድልድዩ ላይ የጎጃምም የበጌምድርም ገበሬ በራሱ ፈቃድ፣ ለራሱ ጉዳይ ተሻገረበት። የራሱ አደረገው። እምነት በግድ ሊጫን እንደማይገባው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 በግልጽ አስተምሯል፤ መልካም ሥራም ቢሆን በግድ ሲጫን በረከቱን ያጣል። ዛሬ በምዕራብ ጎጃም የምንረዳቸው መንደሮች ነዋሪዎች አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች ናቸው። የቤተ ክርስቲያናቸው ጣራ ሲያፈስ እጃችንን ብንዘረጋ፣ ስማችን በበሩ ላይ እንዲጻፍ ወይም ልባቸው ወደ እኛ እንዲያዘነብል አይሁን። የወንድማችን ቤት ነው፤ ይበቃል።

ሁለት ተቃውሞዎች

«ሕፃን በተቅማጥ እየሞተ ስብሰባ እንጥራን?» የሚለን ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ፈቃድ አልጠየቀም። ነገር ግን የቆሰለው ሰው መናገር አይችልም ነበር፤ መንደር ግን አፍ አለው። ነፍስ ለማዳን መቸኮል ቅዱስ ነው። ለሠላሳ ዓመት የሚቆይ ነገር ለመሥራት መቸኮል ግን ብዙ ጊዜ የበጀት ዓመቱ እንዳያልፍ ከመፍራት የሚመጣ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። «ማኅበረሰቡ» የምንለው ማን ነው? በስብሰባው ላይ የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ መሬት ያላቸው ወንዶች ናቸው። ውሃ የምትቀዳው ሴት ከኋላ ተቀምጣለች። መሬት አልባው ወጣት አጥር ተደግፎ ያዳምጣል። ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው በሙያቸው እየተናቁ ከስብሰባው ርቀዋል። በዚህም ነህምያ ይረዳናል። ግንቡ ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ ድኾች እርሻቸውንና ልጆቻቸውን ለባለጠጎች ወገኖቻቸው በመያዣ እንዳስያዙ ጮኹ፤ እርሱም ታላቅ ጉባኤ ጠርቶ መኳንንቱን ገሠጸ፣ የወሰዱትንም እንዲመልሱ አደረገ። ሕዝቡ ይወስን ማለት በሕዝቡ ውስጥ ያለውን ግፍ አይተን ዝም እንበል ማለት አይደለም። የረጂው ድርሻ በሸማኔው ፈንታ መናገር ሳይሆን፣ ሸማኔው የሚናገርበት ቦታ እንዲያገኝ መታገል ነው።

ስለ ሰላም መንገድ

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የተነሣው ጦርነት ይህን ጥያቄ አስቸኳይ አድርጎታል። ስሟ «የሰላም መንገድ» የሆነው ፍኖተ ሰላም ራሷ የሰው ሕይወት የጠፋባት ከተማ ሆናለች። በብዙ ቀበሌዎች ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ፕሮጀክቶች ተቋርጠዋል፤ ባለሙያውም ወደ መንደሩ መዝለቅ ተስኖታል። በዚህ ሁሉ መካከል ሙታንን የቀበረው ዕድሩ ነው፤ የተፈናቀለውን ያስጠጋው ጎረቤት ነው፤ የደረሰውን እህል ሳይበላሽ የሰበሰበው ወንፈሉ ነው። ከውጭ የመጣው ሲሸሽ፣ የሕዝቡ የሆነው ቀረ።

እግዚአብሔር ፈቅዶ ሰላም ሲወርድ፣ ለመልሶ ግንባታ የሚመጣው ገንዘብ በጥድፊያ ይመጣል፤ ዕቅዱም ሩቅ ቦታ ተዘጋጅቶ ያለቀ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬውኑ እንዘጋጅ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ የነህምያን መጽሐፍ ምዕራፍ ሦስትና አምስትን ከወጣቶቻችሁ ጋር አንብቡ፤ በመንደራችሁም የማን ድምፅ እንደማይሰማ አብራችሁ መርምሩ። የቁምስና ምክር ቤቶችም ማናቸውንም ርዳታ ከመቀበላቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ይህን የለመነ ማን ነው? ሒሳቡን የሚይዘው ማን ነው? ሲሰበር የሚጠግነው ማን ነው? መልሱ ሦስቱንም ጊዜ «እነርሱ» ከሆነ፣ ሥራው የተጀመረው በመልካም መሠረት ላይ ነው።

የሰላም አምላክ የፈረሰውን የሚሠሩትን እጆች ያበርታልን፤ የሚያስተውል ልብም ለሁላችን ይስጠን። አሜን።