ኒያና ኢዝን፦ ቁልፍ የሚያስተምር ሰው አማና

የባንክን ወይም የመሥሪያ ቤትን የኮምፒውተር መረብ ከሰርጎ ገቦች ሲጠብቅ የኖረ ባለሙያ ሥራውን ትቶ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ሲነሣ ሰዎች በቅድሚያ የሚጠይቁት ስለ ደመወዙ ነው። ለሙስሊም ግን ከዚህ የከበዱ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ለምን ያስተምራል? ምንስ ያስተምራል?

የመጀመሪያው የኒያ ጥያቄ ነው። ኢማም አል-ገዛሊ እ.ኤ.አ. በ1095 በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ የነበራቸውን የከበረ ወንበር ትተው ሄዱ። ኒያቸውን ሲመረምሩ የዝና ፍላጎት አግኝተውበት ነበር። በ1106 ግን በኒሻፑር ወደ ማስተማር ተመለሱ። ሥራው ያው ነው፤ የታረመው ልብ ነው። እንግዲያው ወደ ማስተማር መዛወር ብቻውን አጅር አያስገኝም፤ የመምህርነት ማዕረግም እንደ ገንዘብ ሁሉ ነፍስን ያታልላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። በር እንዴት እንደሚጠበቅ ለማስተማር እንዴት እንደሚሰበር ማሳየት ግድ ይላል። አል-ኪንዲ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፊደላት የሚደጋገሙበትን መጠን በመቁጠር ምስጢራዊ ጽሑፍ እንዴት እንደሚፈታ ጽፈዋል። ዘዴው ምስጢር ለሚሰርቅም፣ ደካማነቱን አውቆ የተሻለ ምስጢር ለሚሠራም እኩል ያገለግላል።

ታዲያ ደረሳው ያጠፋ ይሆናል ተብሎ ዕውቀቱ ይደበቅ? አይደለም። ሌባው ከሌላ ቦታ መማሩ አይቀርም፤ ሳያውቅ የሚቀረው ዘበኛው ነው። ሆኖም መምህሩ «እኔ ዘዴውን ብቻ ነው ያሳየሁት» ብሎ ከኃላፊነት ሊያመልጥ አይችልም። ወደ መጥፎ መንገድ የመራ ሰው ከተከታዮቹ ወንጀል ድርሻ እንዳለው ተምረናል።

መፍትሔው ከሱረቱ አን-ኑር ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። የሌላ ሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባት ክልክል ነው፤ በሩ ክፍት ሆኖ መገኘቱ ፈቃድ አይሆንም። የሰው ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። የአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ኢዝን ይሁን፤ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ልምምዱም ለዚሁ በተለየ፣ ከሌላው በተነጠለ መረብ ላይ ይደረግ።

ጠባቂ ሳለ ያዳነው አንድ ቤት ነበር። መምህር ሲሆን የብዙ ቤቶች ደኅንነት በደረሳዎቹ እጅ ይወድቃል። ከሞተ በኋላም የሚከተለው ይኸው ነው፤ ወይ አጅር ወይ ጸጸት። አላህ የሚጠቅም ዕውቀትና ጥሩ ኒያ ይወፍቀን።