የዘጠኝ ሜትር ነገር

ዴንቨር የሚኖር አንድ አብሮ አደጌ አገር ቤት ሲመጣ ከሻንጣው መጀመሪያ ያወጣው ነገር ምን እንደሆነ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሽቶ አይደለም፣ ውስኪም አይደለም። አራት ቦታ ተለያይቶ የሚገጣጠም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው።

«ባሌ እንሂድ» አለኝ።

«ተራራ ላይ ምን ዓሣ አለና?»

«ትራውት አለ።»

እውነቱን ነው። ዲንሾ አካባቢ በሚፈሱት በዌብና በዳንካ ወንዞች ውስጥ ትራውት አለ። ከኬንያ አምጥተው ከለቀቁት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ወራጅ ውኃ ይወዳል፤ የባሌ ደጋ ደግሞ በዚህ አይታማም። ዌብ ወደ ታች ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ የሚያልፈው ያው ወንዝ ነው፤ ዲንሾ ላይ ግን ገና ልጅ ነው። ዳንካማ እኛ በቆምንበት በኩል ጠበብ ያለ ጅረት ነበር።

እናላችሁ፣ ይኼ ዓይነቱ አጠማመድ እኛ በልጅነታችን እንደምናውቀው ትል ሰክቶ መቀመጥ አይደለም። መንጠቆው ላይ በላባና በክር የተሠራ የውሸት ዝንብ አለ። ዝንቡ ክብደት ስለሌለው ብቻውን አይወረወርም። የሚወረወረው ገመዱ ነው፤ ዝንቡ ተከትሎ ይሄዳል። ገመዱም ለዚሁ ሲባል ወፈርና ከበድ ተደርጎ ይሠራል፤ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 27 ሜትር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው።

ወዳጄ ዳር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ገመዱን በአናቱ ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት ያፏጨው ጀመር። ሲያዩት ያምራል። ለቀቀው። ገመዱ ጅረቱን ተሻግሮ ማዶ ያለ የአስታ ቁጥቋጦ ላይ ተጠመጠመ። ተሻግረን ፈታን። ሁለተኛው ውኃው ላይ አረፈ፤ ግን ወራጁ የገመዱን ወገብ ይዞ ሲሄድ ዝንቡን እንደ ጀልባ እየጎተተ ወሰደው። እንዲህ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን።

አብሮን የነበረው የዲንሾ ልጅ ሲያይ ቆይቶ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ረገጡት እኮ» አለው።

«ምኑን?»

«ዓሣውን ነዋ። እዚሁ ዳር ነበር።»

ልጁ ዘንጉን ተቀበለና ወደ ታች ራቅ ብሎ ሄደ። ትራውት ፊቱን ወደሚመጣው ውኃ አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ ከኋላው ይመጡበታል። ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ ከዚያም ተንበርክኮ ተጠጋ። ያወጣው ገመድ ስድስት ሜትር ቢሆን ነው። አብዛኛውን ውኃ ሳያስነካ ከፍ አድርጎ ስለያዘው ወራጁ የሚጎትተው ነገር አላገኘም፤ ዝንቡ እንደ እውነተኛ ዝንብ ተንሳፈፈ። በሦስተኛው ሙከራ አንድ ጎኑ ነጠብጣብ የሆነ ዓሣ ያዘ። አሳየንና መልሶ ለቀቀው።

ማታ ወዳጄ ሳይጠየቅ ተናዘዘ። የእነዚህ ገመዶች ክብደት የሚለካው፣ ቁጥራቸውም የሚወጣው ከጫፋቸው ባለው 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ ነው አለኝ። አንድ ተራ የወንዝ አጥማጅ አብዛኛውን ዓሣ የሚይዘውም በዚያው ርቀት ግድም እንደሆነ ያውቃል። ያም ሆኖ ወዳጄ በየቅዳሜው መናፈሻ ሣር ላይ የሚለማመደው 25 ሜትር መወርወር ነው። እኔም የድሮ ሙያዬ ትዝ አለኝ። ቻርልስ ኮተን በ1676 ስለ ትራውት ማጥመድ የጻፈው ክፍል ከአይዛክ ዋልተን መጽሐፍ ጋር ታትሟል። በዚያ ዘመን የነበረው ገመድ ከፈረስ ጭራ የተገመደ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ዘንጉ ጫፍ ላይ ይታሰር ነበር። ጃፓኖች ቴንካራ በሚሉት ዘዴ ዛሬም እንደዚያው ያጠምዳሉ። ገመዱ የሚደርስበት ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አጥማጁ ራሱ መሄድ አለበት።

ወዳጄ ግን ዝም ብሎ አልተረታም። «ሐይቅ ላይ፣ ነፋስ ሲኖር፣ መጠጋት የማይቻልበት ቦታ ሲያጋጥምህ ምን ልታደርግ ነው? ደግሞ ትልቅ ዓሣ ይዞ ሲሮጥብህ ያ የናቅከው ትርፍ ገመድ ነው የሚያድንህ» አለኝ። ልክ ነው። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነገር ትዕቢት አይባልም። ትርፉ ተጠምጥሞ ይቀመጥ፤ የእኔ ነገር ከዚያ ጋር አይደለም።

የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ሩቅ የሚወረውር ሰው ቀስ ብሎ መቅረብ አይጠበቅበትም። መጎንበስ፣ ኮቴን ማጥፋት፣ ጥላን መጠበቅ፣ ዓሣው ወዴት ዞሮ እንደቆመ ማጥናት፣ ይኼ ሁሉ ይቀርለታል። ታዲያ ርቀትን የምንመኘው እውነት የምንፈልገው ነገር ሩቅ ስለሆነ ነው? ወይስ መቅረብ ስለሚከብደን? «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ስንል የምንስቀው በስግብግብነቷ ነው። እኔ ግን አንዳንዴ የብብቷን ቀድሞውኑ አላየችውም እላለሁ።

ይህን የምለው በወዳጄ ለመሳቅ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር አንዲት ተማሪ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ከእኔ እስከ እሷ ሁለት ሜትር አይሞላም። እኔ ግን የምናገረው ኋላ ለተቀመጡት ሦስት አራት ጎበዞች ነበር። ከአርስቶትል ተነስቼ ብሬኽት ድረስ እወረውራለሁ፤ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በተመረጠ እንግሊዝኛ። ኋላ ያሉት ፈገግ ሲሉ ትምህርቱ የደረሰ ይመስለኛል። አንድ ቀን ልጅቱ ቢሮዬ በር ላይ ቆማ «ቲቸር…» አለች። ቀና ሳልል «ወረቀቱን እዚያ አስቀምጪው» አልኳት። ወረቀት አልያዘችም ነበር። ትንሽ ቆማ ሄደች።

በሁለተኛው ሴሚስተር ወንበሩ ባዶ ሆነ። ጓደኞቿ እንደነገሩኝ ከማወራው ብዙው አይገባትም ነበር፤ የመጣችውም ይህንኑ ልትነግረኝ ነበር። ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣች ልጅ ነች፤ ፊት ወንበር የምትቀመጠው ለጉብዝና ሳይሆን ቢያንስ ድምፄ እንዳያመልጣት ነበር። ያን ዓመት በሌላ አዳራሽ ያቀረብኩት ጥናት ተጨብጭቦለታል። ለማን እንደጠቀመ ዛሬ ብትጠይቁኝ ስም መጥራት አልችልም።

ለዚህ ነው የዲንሾው ልጅ «ረገጡት እኮ» ሲል ቀድሜ የደነገጥኩት እኔ የሆንኩት።

በማግሥቱ ወዳጄ ጅረቱ ዳር ተንበረከከ። ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ ሱሪው ጭቃ እየሆነ። ቀትር ላይ አንድ ትንሽ ዓሣ ያዘ። እኔ ቁጥር ስለምወድ ልጁን ጠጋ ብዬ፣ «አሁን ስንት ሜትር ይሆናል የወረወረው?» አልኩት።

ልጁ ሳቀ። «አልለካሁትም ጋሼ። ዓሣው እስካለበት ነው።»