የኋላ ፍትሕ የቀድሞውን በደል ይሽራልን?

ትናንት አንዱን የበደለ ሰው ዛሬ ለሌላው ፍትሕ ቢሰጥ፣ የትናንቱ ዕዳ ይሰረዝለታልን? ከመመለስህ በፊት የአንድ ሰው ታሪክ ላጫውትህ።

ኧርል ዋረን በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ፖለቲከኛ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ የግዛቲቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ፣ ከ1943 እስከ 1953 ደግሞ አገረ ገዥ ሆኗል። በምርጫ የሚሾም ሰው የሕዝቡን ስሜት ማዳመጥ ግድ ይለዋል። ያ ስሜት ፍርሃት ሲሆንስ? ጃፓን በ1941 መጨረሻ ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ ብዙ ሰው የጃፓን ዘር ያለውን ጎረቤቱን በጠላት ዓይን ያየው ጀመር። ዋረንም የፍርሃቱ ጠበቃ ሆነ። በ1942 በአንድ የምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሲናገር፣ እስከዚያ ድረስ አንዳች አሻጥር አለመፈጸሙን የንጽሕና ማስረጃ ሳይሆን የክፉ ነገር ምልክት አድርጎ አቀረበው። ልብ በል! ጥፋት ቢገኝም ጥፋተኛ፣ ባይገኝም ጥፋተኛ! እንዲህ ካለው ሚዛን ማን ያመልጣል? ከ110,000 የሚበልጡ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የአገሪቱ ዜጎች ሆነው ሳለ፣ ሳይከሰሱና ሳይፈረድባቸው ከቤታቸው ተነቅለው ወደ ካምፕ ተጋዙ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ብሂላችን ይህን መሰሉን ቁጭት የሚያውቅ ነው።

ይኸው ሰው በ1953 የአገሪቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1954 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዘር መለያየት ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ሲወስኑ ፍርዱን የጻፈው እርሱ ነበር።

«ወንበሩ ለወጠው፤ የዕድሜ ልክ ዳኛ ድምፅ አይለምንምና» ትል ይሆናል። ነገር ግን በ1944 በዚያው ወንበር ላይ የነበሩ ዳኞች ሰዎቹን ከቀያቸው ማስወጣቱን 6 ለ3 በሆነ ድምፅ አጽድቀውት አልነበረምን? ወንበር ከመራጭ ቁጣ ይጠብቅ እንደሆን እንጂ ሕሊናን አይፈጥርም።

ዋረን ስለ 1942ቱ ሥራው መጸጸቱን፣ ከቤታቸው የተነጠሉትን ሕፃናት ሲያስብ ሕሊናው ይወቅሰው እንደነበር ጽፏል። ጽሑፉ የታተመው ግን በ1977፣ እርሱ ካረፈ ከ3 ዓመት በኋላ ነው። መንግሥት በሕይወት ለቀሩት ይቅርታ የጠየቀውና ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሣ የፈቀደው በ1988 ነው። እስከዚያ ስንቱ አልፏል!

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ለጥቁሩ ልጅ የተሰጠው ፍትሕ እውነተኛ ፍትሕ ነው፤ ማንም አይቀንሰውም። ሆኖም የጃፓናዊቱን ልጅ ዕዳ አይከፍልም። ዕዳ የሚከፈለው ለአበዳሪው ነውና።

አንተስ? በቤትህ፣ በሥራህ፣ በጎረቤትህ መካከል በየዕለቱ ትፈርዳለህ። በጎ ሥራህ ቢበዛም አንድ የበደልከው ሰው ቃልህን እየጠበቀ ይሆናል። እርሱም አንተም በሕይወት ሳላችሁ ሂድና ንገረው።