አላፊ አግዳሚውና ያዘመመው ብረት

ምሳ ሰዓት ነው እንበል። አንዲት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ዳቦዋን በወረቀት ጠቅልላ ፀሐይ ላይ ልትቀመጥ ከሕንፃው ወጣች። አደባባዩን ልታቋርጥ ስትል ግን ብረት ተጋረጠባት፤ 36 ሜትር ተኩል የሚረዝም፣ ከሁለት ሰው ቁመት የማያንስ፣ ዝገት የለበሰ፣ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ ብረት። በግራ ልዙር ወይስ በቀኝ? «ቅርጻ ቅርጽ ማየት ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ዳቦዋን ልትበላ ነው የወጣችው።

ለመሆኑ ይህች ሴት ለዚያ ብረት ምን ዕዳ አለባት? ብረቱስ ለሷ? ሰሞኑን አምስታችንን እራት አስረስቶ ያጨቃጨቀን ጥያቄ ይሄ ነው።

ጸሐፊዋን እኛ ፈጠርናት፤ ብረቱ ግን እውነተኛ ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንስጥ።) የአሜሪካን መንግሥት ሕንፃዎች የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በ1979 ሪቻርድ ሴራ የተባለውን ቀራጺ በኒው ዮርክ፣ ማንሃተን፣ ለፌዴራል አደባባይ የሚሆን ሥራ እንዲሠራ አዘዘው። በ1981 ተተከለ። ስሙ «ቲልትድ አርክ» ነው፤ በኛ ቋንቋ «ያዘመመ ቅስት» ብንለው ያስኬዳል። ገና ዓመቱ ሳይሞላ 1,300 ያህል ሠራተኞች «ይነሣልን» ብለው ፈረሙ።

የሴራ ሐሳብ እንዲያው የሚናቅ አይደለም። የድሮው ሐውልት ከመደብ ላይ ወጥቶ ይቆማል፤ አንጋጠህ ፈረሱን ታያለህ፣ ጀግናውን ታያለህ፣ መንገድህን ትቀጥላለህ። ሴራ መደቡንም ፈረሱንም ጀግናውንም ጥሎ ብረቱን አንተ ከምትረግጠው መሬት ላይ አቆመው። ስትራመድ ይጠጋሃል፤ ደግሞ ይሸሽሃል። አደባባዩ ይጠብብሃል፤ ዞር ስትል ይሰፋል። የለመድከው መንገድ ድንገት እንግዳ ይሆንብሃል። ሥራው ማለት ይኸው በእግርህና በዓይንህ መካከል የሚሆነው ነገር ነው። ስለዚህም ሴራ «ለዚህ ቦታ ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ማለት ማጥፋት ማለት ነው» የሚል ክርክር አነሣ።

እኛ ይህን ሁሉ የምናውቀው ከመጽሐፍና ከፎቶግራፍ ነው። በእግር የሚታይን ሥራ በፎቶግራፍ አይቶ መፍረድ ደግሞ ወጡን ሳይቀምሱ ጨው አነሰው እንደማለት ነው። ይሁን፤ ስለ ብረቱ ውበት አንፈርድም። የሰዎቹ ጉዳይ ግን ከሩቅም ይታያል።

በማርች 1985 ሦስት ቀን የፈጀ የአስተያየት መስሚያ ጉባኤ ተጠራ። 180 ሰው ተናገረ፤ 122ቱ «ይቆይ»፣ 58ቱ «ይነሣ» አሉ። ብረቱ የቦምብ ፍንዳታን ወደ ሕንፃው ይመልሳል ያለ የጥበቃ ባለሙያ ነበር፤ አይጥ ያራባል ያለም ነበር። (ሰው አንዴ ከጠላ ምክንያት አያጣም።) ኮሚቴው 4 ለ1 በሆነ ድምፅ «ይነሣ» ብሎ ወሰነ። ሴራ ፍርድ ቤት ሄዶ ተረታ፤ በማርች 15 ቀን 1989 ሌሊት ብረቱ ተነቅሎ ወደ መጋዘን ተወሰደ። በቦታው አግዳሚ ወንበሮች ገቡ።

ከመካከላችን አንዱ እዚህ ላይ ብድግ አለ። «122 ከ58 አይበልጥም እንዴ? ታዲያ ሕዝቡ ተረታ ማለት ነዋ!»

«የቱ ሕዝብ?» አለች ሌላዋ። «ከ122ቱ ስንቱ ነው በየቀኑ ምሳውን ይዞ በዚያ ያለፈው?»

ዝም አልን። ልክ ናት፤ «ይቆይ» ካሉት ውስጥ ብዙዎቹ የኪነ ጥበብ ሰዎች፣ ሃያስያንና የሙዚየም ሰዎች ነበሩ። ያሳፈረን ግን ሌላ ነገር ነው። እኛም ኒው ዮርክ ብንሆን ኖሮ ያለጥርጥር ከ122ቱ ጋር ተሰልፈን ጸሐፊዋን «አልገባትም» ባልናት ነበር። በክርክራችን መጀመሪያ ላይ ብለናታልም። ስለ ሰፊው ሕዝብ ስንናገር አፋችን የማይደክም እኛ፣ ከዚያ ሕዝብ አንዷ «መንገዴን ዘጋው» ስትል ለመስማት ግማሽ ሌሊት ፈጀብን።

ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለን። የዚሁ ሰው ስምንት ግዙፍ የብረት ሥራዎች በስፔን፣ ቢልባኦ፣ ጉገንሃይም ሙዚየም ውስጥ በአንድ አዳራሽ ቆመዋል፤ አብዛኞቹ የገቡት በ2005 ነው። ተመልካቹ ያዘመሙት ብረቶች መካከል እየተሹለከለከ ይገባል፤ ግድግዳው ይጠብበዋል፣ ሚዛኑ ይዛባበታል፣ ይህም ደስ ይለዋል። ለምን አይለው? ከፍሎ፣ መርጦ፣ ጊዜ ወስዶ የገባ እንግዳ ነው፤ ሲሰለቸው መውጫውን ያውቀዋል። ማንሃተን ያለችው ግን መንገደኛ ናት። ብረቱ ለእንግዳው ግብዣ ሲሆን ለመንገደኛዋ ኬላ ሆነባት።

እንዲህ ከሆነ በአደባባይ የሚቆም ሥራ ሁሉ መንገደኛን እያስፈቀደ ይቁም? ይሄም አላዋጣንም። በዚያው በ1981 ማያ ሊን የምትባል የ21 ዓመት የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ገና ያልተመረቀች (እስቲ እኛን አስቡን!)፣ በዋሽንግተን ለሚሠራው የቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ከቀረቡት 1,421 ንድፎች መካከል ተመረጠች። ሁለት ጥቁር የግራናይት ግድግዳዎች መሬቱን ሰንጥቀው ይገባሉ፤ በላያቸው ወደ 58,000 የሚጠጋ የሟቾች ስም አለ፣ በማዕረግ ሳይሆን በሞቱበት ቀን ተራ። ከጦርነቱ የተመለሱ ሰዎች ሳይቀሩ «ይህ የኀፍረት ምልክት ነው» ብለው ተቆጡ። እነሱን ለማስታገስ በ1984 የሦስት ወታደሮች የነሐስ ሐውልት አጠገቡ ቆመ። ቢያስፈቅዱማ ኖሮ ግድግዳው ባልተሠራ ነበር። ዛሬ ሰዎች ጣታቸውን ስሙ ላይ ያሳርፋሉ፤ ወረቀት ለጥፈው በእርሳስ ይገለብጡታል፤ ደብዳቤ ትተው ይሄዳሉ። ድንጋዩ የተወለወለ ስለሆነ ስሙን የሚያነበው ሰው የራሱን ፊት ከስሙ ጋር ያየዋል።

«እሷማ ሙታንን ተደግፋ ነው» አለ ያው ጓደኛችን። «58,000 ሙት ፊት ቆሞ ‹መንገዴን ዘጋኝ› የሚል ማን ደፋር አለ? ሴራ ያልተደገፈው ይህንን ነው፤ ባዶ ብረት ይዞ ነው የወጣው።» ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፤ እስካሁንም ሙሉ መልስ አላገኘንለትም። ግማሹን መልስ ግን ከደጃችን አገኘን።

ከግቢያችን ወጣ እንዳልን ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቆሟል። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የአዲስ አበባን ሕዝብ ሲጨፈጭፉ የሚያሳየውን የነሐስ ቅርጽ የሠሩት ዩጎዝላቪያውያኑ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። ሙታን አሉት። ይነሣልን የሚለውም የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስናልፈው ኖረናል፤ ታዲያ ነሐሱ ላይ ምን ምን እንደተቀረጸ ከአምስታችን አንዳችንም አስተካክለን መናገር አቃተን። ለኛ «ሐውልቱ ጋ ጠብቂኝ» የምንባባልበት የቀጠሮ ቦታ ሆኗል። የማንሃተኗ ጸሐፊ እኮ ቢያንስ ብረቷን አይታዋለች! ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በንዴትም ቢሆን፣ ሳታየው ያለፈችበት ቀን አልነበረም።

እንግዲህ በበኩላችን ጥፋቱን ከብረቱም ከጸሐፊዋም ላይ አንሥተን ባዘዘው መሥሪያ ቤት ላይ እንጥለዋለን። ሲተከል መንገደኛውን አላማከረም። ከተተከለ ከአራት ዓመት በኋላ ጉባኤ ጠራ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጠርቶም የሰማውን ትቶ ያሰበውን አደረገ። አስቀድሞ «ቀራጺው ይህን አስቧል፤ ምሳችሁን የት ትበሉ ነበር? በየት በኩል ታቋርጡ ነበር?» ቢባሉ ምናልባት ብረቱ አምስት ሜትር ወዲህ ወይ ወዲያ ሆኖ ዛሬም በቆመ ነበር። ከዚህ በላይ አልተስማማንም። ሁለታችን «ከተመከረ በኋላ ሰው የማይወደውንም ሥራ የተወሰነ ዓመት ይቻለው» እንላለን፤ ሁለታችን «በግድ የሚታይ ጥበብ ከማስታወቂያ ሰሌዳ በምን ይለያል?» እንላለን። አምስተኛዋ እንቅልፏ መጥቷል።

በማግሥቱ ጠዋት ክፍል ከመግባታችን በፊት ስድስት ኪሎ ሄደን ሐውልቱን ቀስ እያልን፣ አንጋጠን፣ ዞርነው። አንድ ጊዜ አልበቃንምና ደገምነው። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቆም ብለው ሲያዩን ቆዩና፣

«ልጆቼ፣ ምን ጠፋባችሁ?» አሉን።