ጠጪው ልጅ፣ ከፋዩ አባት

ልጆቼ፣ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ጎረምሶች፣ መጠጥ ኃጢአት ነው ብዬ ልሰብክላችሁ አልመጣሁም፤ እሱን የንስሐ አባቶቻችሁ ይንገሯችሁ። በእኛ አገር እናት ጠላ ስትቀዳ ቅራሪውን ለልጇ ትሰጣለች፤ ነውር የሚላት የለም። እኔም ቅራሪ እየጠጣሁ ነው ያደግሁት። የዛሬው ወሬዬ ስለ ፍርድ ቤት ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ክልከላው የተጻፈው ነፋስ መውጫም ሆነ ወገዳ ላይ ግሮሰሪ ለከፈተው ሻጭ ነውና፣ "እኔን ማን ይነካኛል?" የምትሉ አላችሁ። የእናንተ ጣጣ የሚመጣው ከብርጭቆው በኋላ ነው።

ሠርግ ላይ አይታችሁታል። ትልልቆቹ ዳስ ውስጥ ጠላቸውን ይዘው ሲጫወቱ፣ ልጆቹ ከዳሱ ጀርባ አረቄ በመለኪያ ይቀባበላሉ። ሦስተኛው መለኪያ ላይ ፉከራ ይጀመራል። ቀጥሎ የአንዱ አያት የሌላውን አያት ያደረገው ነገር ይነሣል። ዱላ ደግሞ በእኛ አገር ከወንድ እጅ አይጠፋም።

ማለዳ ላይ "ሰክሬ ነበር፣ ያደረግሁትን አላውቅም" ማለት አያዋጣም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 50 በገዛ ጥፋቱ ሰክሮ ጉዳት ያደረሰን ሰው ዝም ብሎ አያልፈውም። ለመምታት ድፍረት እንዲሆነው ብሎ የጠጣማ እንዳልሰከረ ሰው ነው የሚቆጠረው።

"ገና 18 አልሞላኝም፣ አልታሰርም" የሚለውም ወሬ እውነት አይደለም። ከወንጀል ተጠያቂነት ፈጽሞ ነጻ የሆነው 9 ዓመት ያልሞላው ብቻ ነው። ከ9 እስከ 15 ያለው እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣም፤ ይገሠጻል፣ በክትትል እንዲታነጽ ይደረጋል፣ ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ይላካል። 15 ካለፈ ግን የሚዳኘው በመደበኛው ሕግ ነው። ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ሞት አይፈረድበትም እንጂ እስር አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ለመውረድ ብላችሁ ዕድሜ አስጨምራችሁ መታወቂያ የምታወጡ ልጆች አላችሁ። በ16 ዓመቱ "20 ነኝ" ብሎ ያስጻፈ ልጅ ችሎት ፊት ሲቆም ዳኛው መጀመሪያ የሚያየው ያንኑ ወረቀት ነው። ከዚያ በኋላ ልጅነቱን ማስረዳት ዕዳው የራሱ ነው።

አባትም አይቀርለትም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2124 አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው አባቱ ነው። የተመታው ልጅ ደብረ ታቦር ሲታከም የወጣው ወጪ፣ እጁ ሰልሎ ማረስ ካቃተውም የቀረበት ገቢ፣ ከዚያው ከአባት ጎተራ ይወጣል። አባት አልጠጣም፣ አልመታም፤ በሬው ግን ገበያ ይወርዳል። እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ ምክንያቱም በሬው ሲሸጥ የሚቀጥለው ዓመት እርሻም አብሮ ይሸጣል፣ የታናሽ እኅት ደብተርም እንደዚያው።

"ሽማግሌ ይጨርሰዋል" ትላላችሁ። ሽምግልና ደም ያደርቃል፣ ቂም ያበርዳል፤ እኔም የምቀመጥበት ነገር ስለሆነ አላቃልለውም። ነገር ግን ሰው ከሞተ ወይም ከባድ ጉዳት ከደረሰበት፣ ካሳ ተከፍሎ እርቅ ቢወርድም የዐቃቤ ሕጉ ክስ አይቋረጥም። እርቁ ቅጣት ለማቅለል ይረዳ ይሆናል እንጂ መዝገቡን አይዘጋውም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከተያዘ ሽማግሌ ከመሰብሰባችሁ በፊት ዕድሜውን የሚያሳየውን ማስረጃ ያዙ፦ የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ ካለው የልደት ምስክር ወረቀት። የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ብዙዎቹ ጎረምሶች የልደት ወረቀት የላቸውም። ማስረጃ ከጠፋ ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን በሐኪም ያስመረምራል፤ የሐኪሙም ቃል ግምት ስለሆነ 15 ዓመት ላይ ያለን ልጅ ወዲህም ወዲያም ሊያደርሰው ይችላል።